ሐጂ ያዳኑልኝ ቁልቋል

ወልድያ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከቤቴ ደጃፍ አንድ የጌጥ ቁልቋል ነበረኝ። እንደ ዱሩ ቅርንጫፍ የሚያበዛ አይደለም፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ጎኑ ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ በየሸንተረሩ ጫፍ እሾህ የደረደረ ነው። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የምትሠራ ጓደኛዬ ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ሰጥታኝ፣ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ ታቹን በስቼ፣ ከወንዝ ባመጣሁት አሸዋ ተከልኳት።

የግቢው ባለቤት ሐጂ እህል ነጋዴ ነበሩ። መጀመሪያ ሲያዩት፣ «ልጄ፣ የሐራ መንገድ ግራና ቀኙ ቁልቋል አይደለም ወይ? ደግሞ እቤት ድረስ ምን አመጣው?» አሉኝ።

«ይኼ ለዓይን ነው ሐጂ» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ስንከባከበው ቆም ብለው ማየት ለመዱ። አሸዋው ሳይደርቅ ውሃ አልሰጠውም። ወደ ፀሐይ እንዳያጋድል ጀሪካኑን አልፎ አልፎ አዞረዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ከጣራው ክፈፍ ሥር አስጠጋዋለሁ። አንድ ቀን ከጎኑ ያወጣትን ቡቃያ ቆርጬ ለሥራ ባልደረባዬ ስሰጣት፣ «ቶሎ እንዳትተክያት፤ ቁስሏ ጥላ ላይ ደርቆ ቆዳ ያብጅ፣ አለዚያ ትበሰብሳለች» ስላት ሐጂ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ የደረሰው ቁልቋሉ ትከሻዬን ባለፈበት ክረምት ነው። የከተማው ሰው ሲሸሽ እኔም ትንሿን ልጄን አዝዬ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ አቀናሁ። ሐጂ አልሄዱም። ባለቤታቸው እግራቸውን ስለሚታመሙ መራመድ አይችሉም። «እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ? አላህ ያውቃል» አሉኝ። ባለቤታቸው ከተቀመጡበት ሆነው ለልጄ የቆሎ ቋጠሮ አስያዟት። መርሳ እስክንደርስ ከዚያ ሌላ የቀመሰችው ነገር አልነበረም።

ከወራት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። የግቢውን በር የከፈቱልን ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ከስተዋል፤ ጺማቸው ጨርሶ ነጥቷል። ልጄን አቅፈው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ቆሙ። የእኔ ቤት በሩ ተገንጥሏል፤ ፍራሹም ድስቱም የለም። ከደጃፉ አጠገብ የነበረው የድንጋይ አጥር ተንዷል፤ ቁልቋሉም በቦታው የለም። ያን ያህል ሰው ባለቀበት ከተማ ስለ ቁልቋል መጠየቅ አሳፈረኝ።

እሳቸው ግን «እስቲ ነይ» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከጣራው ሥር ሁለት ቁልቋሎች በአሮጌ ባልዲ ተተክለው ቆመዋል።

«ከባድ መሣሪያ ጎረቤት ወድቆ አጥሩ ሲናድ፣ ከሦስት ሰበረው» አሉ። «ለባልደረባሽ ያልሽው ትዝ አለኝ። ቁስሉን በቢላ አስተካከልኩና ጥላ ላይ አጋደምኳቸው። አንዱ በሰበሰ። ሁለቱን ደረቅ አሸዋ ላይ ተከልኳቸው፤ እነሆ ሥር ይዘዋል።»

«በዚያ ሁሉ ጭንቅ ይኼን ያስታውሳሉ አንቱ?»

ባለቤታቸው ከውስጥ ሰምተው እሳቸው መለሱልኝ። «ምን ሥራ ነበረን ልጄ? ገበያ የለ፣ ወፍጮ የለ። ተኩሱ ጋብ ሲል ሐጂ ወጥተው ያዩታል። እንዴት ሆነ እላቸዋለሁ። ደህና ነው ይሉኛል። እንግዲያስ የተከለችውም ደህና ናት እላለሁ።»

ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እኔ በየሰው ቤት ስንከራተት የሚያስበኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በጎተራቸው የቀረው ማሽላ ጥቂት ነበር፤ እሱን አብረን በላን። የቤቴ በር ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስም እኔና ልጄ ከሳሎናቸው ከረምን። አንድም ቀን እንግድነት እንዲሰማን አላደረጉም።

ኋላ ሥራዬ ወደ መርሳ ተዛወረ። ዕቃዬን ስጭን፣ «ሐጂ፣ ከሁለቱ የወደዱትን ያስቀሩ» አልኳቸው። አጭሩን መረጡ።

«ረጅሙን አንቺ ውሰጂው» አሉኝ፤ «መርሳ ፀሐይ አያጣም።»

ዛሬ ቁልቋሉ መስኮቴን አልፎ ወደ ጣራው ተጠግቷል። የሚያዩት ጎረቤቶቼ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ፣ «ወልድያ አባት አለኝ፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት» እላቸዋለሁ።