ኮሎኔሉ ያደለው ስም

ዶና ኤሩንዲና አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በማሊያዳ ፉንዳ ከተማ ገበያ የፍየልና የበግ ሆድ ዕቃ እያጠቡ ሸጠዋል። ፈርስ አይቀፋቸውም። አንጀት ገልብጠው፣ ሽንፍላ በሎሚ ፈትገው፣ ጨጓራ በፈላ ውሃ ልጠው፣ እጃቸውን ለቅለቅ አድርገው ዳቦ ይቆርሳሉ። «የፍየል ሆድ ውስጥ ያለው ሣር ነው። ሣር ምኑ ያስጠላል?» ይላሉ። በዚች ምድር ላይ የሚያስጠላቸው፣ ሲሰሙት አፋቸው ምራቅ የሚሞላበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው የቤተሰብ ስማቸው ነው። ቴሼይራ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ «ኤሩንዲና ቴሼይራ!» ብላ ስትጣራ እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብለው ይቀራሉ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው መጥቶ «ዶና ኤሩንዲና፣ ሆድ ዕቃ ሻጯ» እስኪል ድረስ ንቅንቅ አይሉም። ነርሷም ለምዳዋለች።

ሰባ ሁለት ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ዶክተር ላውሮ ቴሼይራ መደባቸው ድረስ መጣ። ጠበቃ ነው፤ እዚያ አገር ጠበቃንም ዶክተር ይሉታል፤ የሚኖረው በባሕሩ ዳር ከተማ ሲሆን ወደ ማሊያዳ ፉንዳ የሚመጣው ለምርጫና ለቀብር ነው። የድሮው የኮሎኔል ፌሊንቶ የልጅ ልጅ፣ የከንቲባው ደግሞ የአጎት ልጅ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። ቦርሳውን ተሸክሞለት ከኋላው የሚከተለው ዤኒቫል ነው፤ የኤሩንዲና የልጅ ልጅ።

«ዶና ኤሩንዲና! ዘመዴ!» አለ ዶክተሩ። እጁን ሊዘረጋ ብሎ እጃቸውን ሲያይ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ከመቼ ወዲህ ተዛመድን፣ ዶክተር?»

«ያው ስማችን አንድ አይደል?»

«የአያትዎ በሬዎች ታፋ ላይም ይኸው ስም ነበር የሚተኮሰው። እነሱንም ዘመዴ ይሏቸዋል?»

አጠገባቸው ዶሮ የምትሸጠው ጓደኛቸው ኒኖካ ሳቋ አመለጣት። ዤኒቫል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዶክተሩም ሳቀ፤ በከንፈሩ ብቻ።

ጉዳዩን ተናገረ። እሑድ በአያቱ እርሻ ላይ የቴሼይራ ቤተሰብ ታላቅ ጉባኤ አለ፤ ሦስት መቶ ሰው ይመጣል። እሱ ደግሞ መጽሐፍ ጽፏል፤ ስሙ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ማለት እንደሆነና እንዴት እንደ ተስፋፋ የሚያስረዳ። የመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ምስክር ይፈልጋል፤ ከኮሎኔሉ እጅ ስም ከተቀበሉት ሰዎች ወገን በከተማው የቀረች ትልቅ ሰው። ወረቀቱን አዘጋጅቶ አምጥቷል።

«ማንበብ አልችልም። ያንብቡልኝ» አሉ።

«እኔ ኤሩንዲና ቴሼይራ፣ ኮሎኔል ፌሊንቶ ስም ላልነበራት እናቴ በአባትነት ፍቅር ስሙን እንደ ሰጣት እመሰክራለሁ» ብሎ አነበበ። «ከታች አውራ ጣትዎን ያሳርፋሉ። ፎቶም እናነሣለን። ለሦስት መቶው ሰው ቡሻዳውንም እርስዎ ይሥሩልን እንጂ፤ እንደ እርስዎ የሚያውቅበት የለም።»

ዶና ኤሩንዲና የያዙትን ጨጓራ መፋቃቸውን አላቆሙም። ቡሻዳ ማለት ተከትፎ፣ ጨጓራ ውስጥ ተሰፍቶ የሚቀቀል ሆድ ዕቃ ነው። «ቡሻዳውን እሠራለሁ። ለወረቀቱ እሑድ እንገናኝ» አሉ።

እውነቱን የሚያውቁት ከእናታቸው ነው፤ ግማሹንም በዓይናቸው አይተውታል። እናታቸው ዡዋና ካሮአ ትባል ነበር። ካሮአ ዝናብ ቢመጣም ቢቀርም የማይሞት እሾሃም ተክል ነው፤ ቅጠሉን ቀጥቅጠው እንደ ቃጫ ገመድ ያወጡበታል። ዡዋና ገመድ ገማጅ ነበረች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት። አገሩ ሁሉ ካሮአ እያለ ሲጠራቸው አቤት ይላሉ። ኮሎኔል ፌሊንቶ ደግሞ ወታደር አልነበረም፤ መሬትና ከብት የተረፈውን ሁሉ እዚያ አገር ኮሎኔል ይሉታል። እሱን አንቱ ማለት ጨዋ ሽማግሌዎችን መስደብ ስለሚሆን እዚህ እሱ እየተባለ ይታለፋል።

የአውሮፓው ጦርነት ባበቃ ዓመት ምርጫ ሆነ። ኮሎኔሉ መሬት አልጎደለውም፣ ከብት አልጎደለውም፤ ድምፅ ጎደለው። ሕጉ ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይመርጥም ይላል፤ ጭሰኞቹ እንኳን ፊደል ሊቆጥሩ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ ስምም አልነበራቸውም። ስልሳ ሦስቱን፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ጥጃ በሚተኮስበት በረት ውስጥ አሰለፈና የመዝገብ ቤት ጸሐፊ አስመጣ።

«የቤተሰብ ስም?» ይላል ጸሐፊው።

«ቴሼይራ በል» ይላል ኮሎኔሉ ከኋላ ሆኖ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ። «ሁሉንም ቴሼይራ በላቸው። ምን ያደክምሃል?»

ዡዋና ተራዋ ሲደርስ «እኔ ስም አለኝ። ካሮአ ነኝ» አለች።

ኮሎኔሉ ሳቀ። «እሱ የፍየል መኖ ነው፤ የሰው ስም አይደለም» አለ። ተጻፈ።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አስተማሪ ተቀጠረላቸው። ማንበብ አላስተማራቸውም፤ ስማቸውን መሳል ብቻ። ገመድ ያደነደነው የዡዋና እጅ እርሳሱን በሰበረ ቁጥር አስተማሪው መዳፏን በጣውላ ይመታት ነበር። ኤሩንዲና ያኔ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በረቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የእናታቸው መዳፍ ሲያብጥ አይተዋል። ዡዋና ግን ተማረችው፤ መራጭ የሚመዘግበው ዳኛ ፊት ቀርባም ስሙን ስላ ወጣች። አባታቸው ዜፌሪኖ ሲቀርብ ብዕሩ አመለጠው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ፣ ዳኛው ሰረዘው። ኮሎኔሉ አንድ ድምፅ ጎደለው።

በማግሥቱ ሰዎቹ መጥተው የቤታቸውን ክዳን ሸክላ በሸክላ አወረዱት። ባልና ሚስት አራት ልጆች ይዘው በእግራቸው ወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ውሃ በሌለበት መንገድ ላይ፣ ጡት ያልጣለው ሕፃን ሞተ። ከመሬቱ ተነቀሉ፤ ስሙ ግን አልተነቀለላቸውም። የሕፃኑ የሞት ወረቀት ላይ እንኳ ቴሼይራ ተብሎ ተጻፈ። ዡዋና እስከ ዕለተ ሞቷ በዓለም ላይ መጻፍ የምትችለው ያንኑ ብቻ ነበር፤ ለኤሩንዲና ግን አላስተማረቻቸውም። «እጅሽን አታቆሽሺ» አለቻቸው።

እንግዲህ የአባትነት ፍቅር የተባለው ይህ ነው።

ዤኒቫል ይህን ሁሉ ያውቃል። እናቱ ሳኦ ፓውሎ ለሥራ ሄዳ በዚያው የቀረች ጊዜ ያሳደጉት ዶና ኤሩንዲና ናቸው። አሁን የማዘጋጃ ቤቱን አምቡላንስ ይነዳል፤ ውሉ ግን በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ሚስቱ ደግሞ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከንቲባው፣ ዶክተር ላውሮ ደስ ካለው፣ ቋሚ ቅጥር እንደሚሰጠው ነግሮታል። ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት ገብቶ አያቱ ፊት ተቀመጠ።

«አያቴ፣ አንዲት ወረቀት እኮ ናት። ጣትሽን ቀለም አስነክተሽ ጫን ማድረግ ነው።»

«ጣቱ የኔ ነው።»

«እናትሽ ሞታለች፣ ኮሎኔሉም ሞቷል። ማን ይጎዳል?»

«እኔ አልሞትኩማ።»

«ልጄስ? ሦስት ወር፣ ሦስት ወር እየተቆረሰልኝ ነው የማሳድገው? ስም እኮ አይበላም!»

«አንተ! እስከ ዛሬ ያበላሁህ ስም ሸጬ ነው ወይስ ሆድ ዕቃ?»

ዤኒቫል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተይ እንጂ አያቴ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ። ይህ ከቁጣው ይልቅ ጎዳቸው። ልጅ ሆድ ያባባል። ዓርብንና ቅዳሜን ጨጓራ በክር ሲሰፉ እየዋሉ ልባቸው ወዲያና ወዲህ አለ። ለዚህ ልጅ ስል ዓይኔን ጨፍኜ ባደርገውስ፣ ታጥቤ እጥለዋለሁ፣ አሉ። ቅዳሜ ወደ ማታ ቁርጥ አደረጉ። አውራ ጣታቸውን ሊያሳርፉ ነው።

እሑድ እርሻው በሰው ተሞላ። ሁሉም የቤተሰቡ ዓርማ ያለበት ካናቴራ ለብሷል፤ የኮሎኔሉ የትልቁ ልጅ ዘሮች ቢጫ፣ የሁለተኛው አረንጓዴ፣ የሴት ልጁ ሰማያዊ። ለዶና ኤሩንዲናም አንድ ተሰጣቸው፤ ነጭ። አስተናጋጆቹ የለበሱትም ያንኑ ነጭ ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ እቴ፣ ቅርንጫፍ ወጣልሽ» አለች ልታግዛቸው የመጣችው ኒኖካ። «ሳህን አጣቢው ቅርንጫፍ!»

ካናቴራውን አጣጥፈው የድስት መያዣ አደረጉት።

ከቅዳሴው በኋላ ምግብ ቀረበ፣ ከምግቡ በኋላ ንግግር። ሰዉ አፉ በስብ እያብለጨለጨ ያዳምጣል። ከመድረኩ በላይ የኮሎኔሉ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ያ ጢም፣ ያ ጉንጭ። ዶና ኤሩንዲና ድስቶቹ አጠገብ ቆመው ይሰማሉ።

ስሙ የዛፍ ስም ነው አለ ዶክተር ላውሮ። በሰሜን ፖርቱጋል ቀዝቃዛ ተራሮች ላይ የሚበቅል፣ በበጋም በክረምትም የማይጠወልግ ዛፍ። ዛፉ ለበዛበት መንደር ስም ሆነ፤ የመንደሩ ጌቶች ደግሞ የመንደሩን ስም ወሰዱ።

«ፍሬ አለው?» ብሎ አንድ ቢጫ ለባሽ ጠየቀ።

«ቀይ ፍሬ አለው። ግን ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ነው፤ ፈረስ ከበላው ይሞታል» አለ ዶክተሩ እየሳቀ። ሰዉም ሳቀ።

«ይኸን ስንቱ በልቶታል» አለች ኒኖካ በሹክሹክታ። ዶና ኤሩንዲና አልሳቁም።

ንግግሩ ቀጠለ። ስሙ በመርከብ ባሕር ተሻገረ፣ የሸንኮራ እርሻ ገባ፣ ከከብት መንጋ ኋላ እየነዳ ወደ ደረቁ ምድር ወጣ። በጋብቻ በዛ፣ በልጅ በዛ። «በቸርነትም በዛ!» አለ ዶክተር ላውሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አያቴ ስም ያልነበራቸውን፣ እንደ ሜዳ እንስሳ ስም የለሽ ሆነው የሚኖሩትን ሰብስቦ፣ ሰው አደረጋቸው። ምስክሯ እዚህ አለች። ዶና ኤሩንዲና ቴሼይራ!»

ጭብጨባ ሆነ። ዶና ኤሩንዲና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱና የቀለም ሰሌዳው ተዘርግቷል። ከንቲባው ዤኒቫልን በትከሻው አቅፎታል። የልጁ ዓይን እያያቸው ነው፤ ይለምናል። አውራ ጣታቸውን አነሡ። ያ «እንደ ሜዳ እንስሳ» የሚለው ቃል ግን ጆሯቸው ውስጥ ነበር። እናታቸው በዚያ በረት ውስጥ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ስም አለኝ ስትል ታየቻቸው። እጃቸውን መልሰው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«እናቴ ስም ነበራት» አሉ። ማይክራፎኑ አጠገብ ስለነበሩ ለሁሉም ተሰማ። «ዡዋና ካሮአ ትባል ነበር። ይኸ ሰውዬ» በአገጫቸው ወደ ሥዕሉ፣ «ለድምፅ ብሎ ከጥጆች ጋር በረት አስገብቶ ስሟን ነጠቃት። አንድ ድምፅ ቢጎድለው ክዳናችንን አፍርሶ አባረረን። ወንድሜ ጡት እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ። ስሙ ይቀፈኛል። ስትጠሩኝ ያቅለሸልሸኛል። እኔ የማጥበው ፈርስ ከዚህ ስም ይጸዳል!»

አንድ ሕፃን ሳቀ፤ እናቱ ቆነጠጠችው። ዶክተር ላውሮ ፈገግታው አልጠፋም። «ሙቀቱ ነው» አለ ለሰዉ፤ «ከሌሊት ጀምረው እሳት ላይ ናቸው፤ ዕድሜም አለ። ወንበር ስጧቸው።» ከዚያ እንደ ጠበቃነቱ አከለ፤ «ሕጉ ግልጽ ነው፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ቤተሰብ ሊፈርምለት ይችላል። ከቤተሰብ ማን አለ?»

ዤኒቫል ከከንቲባው ክንድ ሥር ወጣ። አያቱን አላየም። ብዕሩን አንሥቶ ጎንበስ አለና፣ ዶና ኤሩንዲና ሳይማሩ በቀሩት ፊደል፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ ሳይቸኩል ጻፈ። ኤሩንዲና ቴሼይራ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ከንቲባው እዚያው የቋሚ ቅጥሩን ደብዳቤ የያዘ ፖስታ አውጥቶ ሰጠው። ሙዚቃ ተከፈተ።

ዶና ኤሩንዲና ድስቶቻቸውን ሳይሰበስቡ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዤኒቫል መጣ። አያቱ በራቸው ላይ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠዋል። እዚያ አገር ልጅ ከታላቁ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ምርቃት ይለምናል፤ «እግዜር ይባርክህ» ሳይባል አይቀመጥም። ዤኒቫል አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ አጓድሎት አያውቅም፤ እሳቸውም ተቀይመውት እንኳ ነፍገውት አያውቁም።

«መርቂኝ፣ አያቴ።»

እሳቸው መንገዱን ያያሉ።

«አያቴ፣ መርቂኝ እንጂ። ለልጁ ብዬ እኮ ነው።»

ዶና ኤሩንዲና ቀስ ብለው ቀና አሉ። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ መንገድ ጠፍቶበት ደጃቸው የቆመ እንግዳ እንደሚያዩ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት።

ዤኒቫል ፖስታውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።