ሦስተኛው ጥያቄ

ሠላሳ አንድ ዓመት በሚኒሶታ ገጠር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። በዚያ ሁሉ በረዶ አንድ ቀን መንገድ ስቼ አላውቅም። አፌን መንዳት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

በእኛ በሚኒሶታ የቀረበልህን ወዲያው መቀበል ስግብግብነት ነው። ሁለት ጊዜ «አይ» ትላለህ፤ በሦስተኛው «ካላስቸገርኩ» ብለህ ትወስዳለህ። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ከጸሎት በፊት ነው።

የአውሮፓ ሽርሽራችን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሙኒክ ሳለን፣ እህቴ ማርሊስ ደወለች። አባታችን በተወልን የሐይቅ ዳር ቤት ተጣልተን አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

«ሐሙስ ማታ ኤርፖርት ልቀበላችሁ?»

«ኧረ ምን አደከመሽ!»

«መንገዱ በረዶ ነው፣ ሃርላን። ልምጣ?»

«ተይው፣ ታክሲ አይጠፋም።»

ሦስተኛውን ስጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

«መልሰህ ደውልላት እንጂ!» አለች ባለቤቴ ሎይስ።

«ምን ብዬ? ነይና ውሰጂኝ ልበላት? ነውር አይደለም?»

«እንግዲያው ነውርህን ታቅፈህ ተቀመጥ።»

ታቀፍኩት። በማግስቱ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ትኩስ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። «ይፈልጋሉ?» አለችኝ። «አይ፣ አይ» አልኩ። «እሺ» ብላ ይዛው ተመለሰች። ኬኩ ደረጃውን ሲወርድ በዓይኔ ሸኘሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይማር ነበር።

የመመለሻችን ቀን ኤርፖርት ላይ ቲኬት የሚያየው ወጣት፣ «ቺካጎ ላይ አውሮፕላን የሚቀይሩበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ቀደም ብሎ በሚነሣው ላድርግልዎት?» አለኝ።

«አይ፣ አይቸገሩ።»

«እሺ። ቀጣይ!»

ሎይስ በክርኗ ስትጎሽመኝ ነገሩ አልፏል። ቺካጎ ስንደርስ አውሮፕላኑ ጥሎን ሄዷል። ወንበር ላይ አደርን። ሎይስ እስኪነጋ አንድ ቃል ብቻ ተናገረችኝ፤ እሱንም እዚህ አልጽፈውም። እኔን ያመመኝ ግን ወንበሩ አልነበረም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያለችኝም አንድ እህት ናት። እሷንም እንደ ኬኩ ሸኘኋት።

ጠዋት ሚኒሶታ ገባን። መውጫው ላይ ማርሊስ ካፖርቷን ተንተርሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ከቺካጎ የመጣውን አውሮፕላን ሁሉ ከትናንት ማታ ጀምራ ስትጠብቅ ነው ያደረችው።

«አትምጪ ብዬሽ አልነበር?» አልኳት።

«ሁለቴ ነው ያልከው» አለች፣ ፀጉሯን እያስተካከለች። «ሦስተኛውን ልጠይቅህ ስል እንባዬ ቀደመኝና ዘጋሁት። አሁንስ፣ ላድርስ...»

ሳትጨርሰው «እሺ» አልኳት።