ሳያዩ «ልክ ነው» ማለት

ሺላ ጊሊስ ኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ጸጉሯ እስኪሸብት በነርስነት የሠራች ሴት ናት። ዋናዋ ነርስ የምታዘውን መርፌ የምትወጋው፣ ቁስል የምታጥበው፣ ሽማግሌ ደግፋ የምታስነሳው እሷ ናት። የሙያ ፈቃዷ በየዓመቱ ሲታደስ «ዘንድሮ ምን ተማርሽ?» ይሏታል። ሺላም በየዓመቱ «እጅ መታጠብ» ብላ ትገላገላለች። ምን ታድርግ! ጎበዝ ናት ሲሏት ኖራ፣ ጎበዝ ነኝ ብላ አረፈችው።

ዘንድሮ ግን «ሌላ ነገር ተማሪ» ተባለችና የኢንሱሊን ሥልጠና ገባች። የልጇ እኩያ የሆነች አስተማሪ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ «ሁለተኛዋ ነርስ የመጀመሪያዋን አትመን፤ መድኃኒቱን ተቀብላ ራሷ ታንብብ» አለች። ሺላን ላብ አጠመቃት።

እነሱ መሥሪያ ቤት እንዲህ ተደርጎ አያውቅማ! አንዷ ታዘጋጃለች፣ «ልክ ነው፣ ውዴ?» ትላለች፤ ሌላዋ ከበሩ ሆና «ልክ ነው፣ ውዴ» ትላለች፤ አለቀ። የጓደኛን እጅ መፈተሽ ሌባ ብሎ እንደመስደብ ነው። ያውም የማርሊንን እጅ! ማርሊን አብራት የተማረች፣ የልጇ ክርስትና እናት ናት።

ሰኞ ጠዋት ማርሊን ለሽማግሌው ለሮሪ መርፌውን አዘጋጅታ፣ «ልክ ነው፣ ውዴ?» አለች።

«እስቲ ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላንብበው።»

«ወይ ጉድ! አንድ ቀን ሥልጠና ገብተሽ አለቃ ሆነሽ መጣሽ?»

ሺላ መርፌውን ከነተቀዳበት ጠርሙስ ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራው መሆን ሲገባው፣ ማርሊን የቀዳችው ወዲያው ስኳር የሚያወርደውን ነበር። ሮሪ ደግሞ የአጃ ገንፎውን ገና አልቀመሰም። ያ ሁሉ መድኃኒት ቢገባበት ኖሮ እስከ ምሳ አይደርስም ነበር።

«የክዳኑን ቀለም ቀይረውታል» አለች ማርሊን፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «ድሮ አረንጓዴው የሮሪ ነበር።»

«ጽሑፉስ? እስቲ አንብቢልኝ።»

ማርሊን ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች። «መነጽሬን ረስቼው ነው።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ተንሰቀሰቀች። «ለጡረታዬ ሁለት ክረምት ነው የቀረኝ፣ ሺላ። አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ እወጋለሁ። ማን ያውቃል?»

ሺላ እሺ ልትል ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «እሁድስ? እሁድ እኮ እኔ የለሁም።»

«እሁድ ያቺ አዲሲቱ ልጅ አለች።»

«እሷስ ታነባለች?»

«የምን ማንበብ! ከበሩ ሆና ‹ልክ ነው፣ ውዴ› ትላለች። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሻት?»

ይሄ ከመርፌ የባሰ ወጋት። ቀጥ ብላ ሄዳ የኃላፊዋን በር አንኳኳች። የማርሊንን ብቻ አይደለም፣ የራሷንም ሳትደብቅ ተናገረች። ጉዳዩ እስኪጣራ የሺላ ፈቃድ ታገደ፤ ማርሊን ያኔውኑ መድኃኒት እንዳትነካ ተደረገች። ሮሪ ይህን ሁሉ የት አውቆ! ገንፎው ቀዘቀዘ ብሎ ይነጫነጭ ነበር።

ከሥራ ሲወጡ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ መንገዱን ውጦታል። ሺላን በመኪናዋ አምጥታ የምትመልሳት ማርሊን ናት። መሪውን ይዛ ሞተሩን ስታስነሳ፣ ሺላ በመሪው በኩል ያለውን በር ከፍታ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ይሄንንም?» አለች ማርሊን፣ ድምጿ ተሰብሮ።

«ይሄንንም፣ ውዴ።»

ማርሊን ቁልፉን ነቅላ መዳፏ ላይ ጣለችላት። ወርዳ ዞረችና፣ ሺላ አጠገብ ያለውን ወንበር አልፋ ከኋላ ተቀመጠች።