የማን ልጅ ነህ?

የሻው በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሲሠራ፣ አንድ ቀን ፊልም ይሠራል ብሎ የጠረጠረ ሰው የለም፤ እሱማ ጭራሽ! ግን የተማሪ ነገር፣ መች ይለቃል? ሚስጥር የምትባል የቲያትር ተማሪ ወር ሙሉ ፊቱን ስታይ ከርማ፣ «ጋሼ የሻው፣ እርስዎ ካልሆኑ ፊልሙ አይሠራም» ብላ ድርቅ አለች። የፊልሙ ባለታሪክ ዓለም ከጠፋች በኋላ ፍርስራሽ ውስጥ የነቃ፣ ስሙንም ዘሩንም የማያውቅ ሰው ነው።

ጅምር ሕንፃ ውስጥ አመድ ቀብተው አቆሙት። ሦስት ቀን ሸጋ አድርጎ ሠራ። በአራተኛው ቀን አንዷ ተማሪ አሮጊት ሆና፣ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ስትለው «አላውቅም» ማለት ብቻ ነበረበት። ምላሱ ተሳሰረ። ልጆቹ ትወና መስሏቸው አጨበጨቡለት፤ አይ ልጅነት!

ያሳደገችው እቴነሽ እንዳልወለደችው የሻው ከጥንትም ያውቃል። ኮላ ድባ ሲያድግ ልጆች በተጣሉት ቁጥር «መንገድ ላይ የተገኘ» ይሉት ነበር። የተገኘው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በአራት ዓመቱ ነው። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ፤ ጠፍቶ ነው ወይስ ተጥሎ? አርባ ዓመት ሙሉ፣ ተጥዬ ነው እያለ ውስጥ ውስጡን ሲያለቅስ ኖረ። እቴነሽን ጠይቆ ከሚያስከፋት ደግሞ ሞቱን ይመርጣል። የዚያን ቀን ግን አልቻለም፤ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ወደ ኮላ ድባ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣ።

ደጃፏ ላይ ሽንብራ ስትለቅም አገኛት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ፊትህ ምነው?»

«እማየ፣ እናቴ ጥላኝ ነው የሄደችው?»

ሽንብራው ከእጇ ፈሰሰ። የሻው «ተይው፣ ይቅር» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አልጣለችህም። እኔ ነኝ ጉደኛዋ።»

የሻው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«የኔው ልጅ በወባ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር» አለች እቴነሽ። «አዘዞ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ፣ አንዲት የጃናሞራ ሴት አንተንና አንዲት ጨቅላ ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። የእርዳታ እህል ተሰልፌ እስክመጣ ይሄን ልጅ ያዥልኝ አለችኝ። ያዝኩህ። አንተ ደግሞ አንገቴ ስር እንቅልፍህን ለጥ አልክ። ያኔ አበድኩ፤ ይዤህ መንገድ ጀመርኩ።»

«የሻው የሚለውስ ስም?»

«የሟቹ ነው። ስሙ ቤቴ ውስጥ እየተጠራ፣ ቄሱን እንዴት ብዬ ይፍቱልኝ ልበል? ያ ልጄ እስከ ዛሬ ፍትሐት አላገኘም። ሁለታችሁንም በደልኩ።»

«ከዚያስ? ሳትመለስ ቀረች?»

እቴነሽ ዓይኑን ማየት አልቻለችም። «ተመለሰች እንጂ። ገና ሩቅ ሳልሄድ ደረሰችብኝ፤ ቁልቋል አጥር ጀርባ ገባሁ። እየተጣራች በአጠገባችን አለፈች። ድምጿን ሰምተህ ነቃህ፤ ልትመልስላት ስትል አፍህን በመዳፌ ከደንኩት።»

የሻው ጣለችኝ ብሎ ያለቀሰባት እናት ለካ እየጮኸች ስትፈልገው ነበር!

«ማን እያለች ነበር?»

«በላቸው። በላቸው ልጄ፣ በላቸው፣ እያለች።»

ሊጠላት ፈለገ። እግዜር ያውቃል፣ ከልቡ ፈለገ። ግን ወባ ሲጥለው አዝላው የሮጠችው፣ ከአፏ ቀንሳ ያጎረሰችው ይህችው ሴት ናት፤ እንዴት አድርጎ ይጥላት? እንባውና አመዱ ተቀላቅሎ ፊቱ ላይ ወረደ።

«አገሯን ነግራሻለች?»

«መካነ ብርሃን ብላኛለች።»

«ነገ እሄዳለሁ። አንቺም ትሄጃለሽ፤ በራስሽ አፍ ነው የምትነግሪያት።»

«ሞታ ከሆነስ?»

«መቃብሯ ላይ ቆመሽ ትነግሪያታለሽ።»

እቴነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።