የፈጠነው ካሴት

አሥራ ሦስት ልጆች በአንድ ባንድ! ሰው ሁሉ ብቻውን በስልኩ ሙዚቃ በሚሠራበት ዘመን፣ አሰላ ውስጥ አሥራ ሦስት ወጣቶች ተሰብስበው፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ይዘው፣ የእናንተን ዘመን ፈንክና ዲስኮ እንጫወታለን ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ቤልቦተም ሱሪ ሳይቀር አሰፍተዋል። እኛ ያንን ሱሪ የተውነው ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ እየጠረገ ስላስቸገረን መሆኑን ማን ይንገራቸው?

የባንዱ መሪ ኪቦርድ የምትጫወት ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ድሮ ኪነት ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

ሁሩታ ያሉት እናቷ ለሠርጋቸው የገዙትን ካሴት አግኝታ ነው የመጣችው። በደርግ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ኪነት ውስጥ ሳለን አዳራሽ ውስጥ የቀረፅነው ዘፈን ነው። ግጥሙ ስለ ገብስ አጨዳ ዘመቻ ነው። ካድሬዎቹ ግጥሙን ሰምተው ሲያጨበጭቡ እኛ ከሥሩ ዲስኳችንን እናስነካው ነበር። ዘፋኟ ባለቤቴ ናት።

እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለድንም። ከሰልስቱ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር ቆጣሪ አንባቢው ነው። ስለዚህ ልጅቷ «ከእኛ ጋር ቢነፉልን» ስትለኝ፣ ለወጉ እንኳን አልተግደረደርኩም።

የሚለማመዱት በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ድምፅ ስለሚያሸንፋቸው አቁመው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ቀን ግን ብራ ነበር፤ ጀመሩት። ቤዙ ገባ፣ ጡሩምባዎቹ ተከተሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጉልበቴ ከሃያ ዓመት በፊት የተወውን ጭፈራ ጀመረ። ከዚያ ወጣቷ ዘፋኝ አፏን ስትከፍት ሳክስፎኔን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የምትዘፍነው በቀጭን፣ በሕፃን ድምፅ ነው። ካሴቱ ላይ ያለውን አንድም ሳታጎድል ቀድታዋለች። ችግሩ፣ ካሴቱ ላይ ያለው የሚስቴ ድምፅ አይደለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኪነቱ ሲበተን መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ነበር። ካሴት የምገለብጥበት ቴፕ ሞተሩ ይፈጥናል። ዋናውን አስገብቼ ስገለብጥ፣ ቅጂው ድምፁ በጣም ቀጥኖና ፈጥኖ ይወጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ። እሷም ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። «አሥረኛ ክፍል ተማሪ አስመሰልከኝ እኮ!» አለች። አሠራዋለሁ አልኩ። ለሠርግ የሚገዙት ግን ፈጣኑን ወደዱት፤ ያስጨፍራላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የፈጠነው ካሴት በአውቶቡስ ጢቾ ሄደ፣ አርቦዬ ሄደ፣ ሁሩታ ሄደ። አንድ ቀን ዋናውን ማሽኑ በላው። እሷ ግን ድምፀ ወፍራም ነበረች፤ ስልክ ስታነሳ «አቤት ጋሼ» የሚሏት ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ዓመታቷ ደግሞ ሕመሙ ድምፅዋን ወስዶት በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

ስለዚህ ልጆቹን «ይሄ ዘፈን እንዲህ አይደለም፤ ወረድ፣ ረጋ ይላል» አልኳቸው።

ተያዩ። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ሰው የሚያውቀው ግን ይሄኛውን ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔው ነኝ ያሳወቅኳቸው። የእጄን አገኘሁ። ግን ግግም አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየልምምዱ ነዘነዝኳቸው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ከእኔ በቀር አንድ ሰው እንኳን እሷን እንደነበረችው ይስማልኝ ብዬ ነው። ያኔ አብረውን የተጫወቱት ሁሉ አልቀዋል። እኔም ስሄድ የምትቀረው ያቺ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በመጨረሻ ኪቦርዲስቷ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ካሴቱን እዚህ ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ድምፁ ልክ የነበረበትን ብቻ በሳክስፎን ያሳዩኝ» አለችኝ።

ሳክስፎኑን አነሳሁ። ጣት አይረሳም። መግቢያውን ስነፋው፣ ያኔ በያዝኩት አያያዝ ነበር። ልጅቷ ቀስ እያለች አወረደችው፣ አወረደችው፣ ካሴቱ ውስጥ ያለው የወጣትነቴ ሳክስፎን ከእኔው ጋር ገጠመ። አንዲት ቅንጣት አልተዛነፈም። አሥራ ሦስቱም ዙሪያዬን ቆመዋል። ከዚያ ዘፈኑ ገባ።

ወፍራም፣ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ መጋዘኑን ሞላው። ወጣቷ ዘፋኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዴት ያምራል!» አለ አንዱ። እኔ እንባዬን እየጠበቅኩ ነበር፤ አልመጣም። ዓይኔን ጨፍኜ ኪቦርዲስቷን «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ልኩ ትክክል ነው፤ ለጆሮዬ ግን የማላውቃት ሴት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ እራት የበላሁት፣ ዕቃ ያጠብኩት ያንን የፈጠነ ካሴት ከፍቼ ነው። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ስሟን ስጠራ የምትመልስልኝ ያቺ ባለ ቀጭን ድምፅ ናት። ወደ ነበረበት መልሱልኝ ልላቸው አሰብኩ፤ በምን አፌ?

«ጋሼ፣ እሳቸው ናቸው?» አለችኝ ኪቦርዲስቷ።

«እሷ ናት» አልኩ።

ያንኑ ዕለት ዘፈኑን ወረድ አድርገው እንደ አዲስ ጀመሩት። ወጣቷ ዘፋኝ ድምፅዋን ለማወፈር እየታገለች፣ በየመስመሩ መጨረሻ ቆም ብላ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «እንዲህ ነበሩ ጋሼ?» ትለኛለች። እኔም «ትንሽ ወፈር አድርጊው»፣ «አሁን ቀረብሽ» እያልኩ አርማታለሁ። ምኑን እንደማርም ግን አላውቅም።