የዳንግላዋ ድርብ ሰረዝ

ዓይናችሁ ሥር ያለ ስህተት ለሰዓታት ተሰውሮባችሁ፣ ከጀርባችሁ የቆመ ሰው አንዴ ብቻ አይቶ አግኝቶላችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ዛሬ እንጅባራ የኮምፒውተር ስሌት አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ በጻፍኩ ቁጥር ግን ልቤ ዳንግላ፣ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ወደነበረች አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኦክታቭ የሚባለውን የስሌት ቋንቋ መሠረት የምንማርበት ኮርስ የተግባር ፈተና ሰኞ ጠዋት ነበር። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ የወደቀ ሰው ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። አንዱን ኮምፒውተር ለሦስት ስንጋራ እኔ ሁልጊዜ ተመልካች ስለነበርኩ፣ በገዛ እጄ አንድ ሠንጠረዥ እንኳ ጽፌ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ በሚኒባስ ዳንግላ ወደ ቤተሰቦቼ ወረድኩ።

በሰፈራችን ኮምፒውተር የነበራቸው የዚያች ጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ማመልከቻ ጸሐፊዋ ብቻ ነበሩ። ሥራውን በታይፕ የጀመሩ፣ በነጥብና በሰረዝ የማይደራደሩ ሴት ነበሩ። «ደንበኛ ሲመጣ ትነሺያለሽ፣ ሲሄድ ትቀመጫለሽ» ብለው ፈቀዱልኝ።

ለመለማመጃ የእንጅባራንና የዳንግላን የሦስት ቀን የጠዋት ሙቀት መረጥኩ። ነገሩ ቀላል ነው። የአንዱን ከተማ ቁጥሮች በአንድ ረድፍ ትጽፋላችሁ፣ ረድፉ ሲያልቅ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ቀጥሎ የሌላው ከተማ ረድፍ ይመጣል። «A = [» ብዬ እንደጀመርኩ አንድ ባለጋሪ ጅራፉን እንደያዘ ማመልከቻ ሊያጽፍ ገባ። ተነሣሁ። እሱ ሲወጣ ተመልሼ ቁጥሮቹን ሞላሁ፦

A = [9 8 10፤ 13 12 14]

ፕሮግራሙ ስህተት ነው አለኝ። ያንኑ መስመር እየመለስኩ ቁጥሮቹን ቀያየርኩ፣ ክፍተቱን አሰፋሁ፣ አጠበብኩ። ያው ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ እነሣለሁ፤ ይሄዳል፣ እቀመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ባለጋሪው ወረቀቱን ሊወስድ ሲመለስ እኔ እዚያው መስመር ላይ ነኝ።

«ፈረሴ እንዲህ ቢገግምብኝ እስካሁን ሸጬው ነበር» አለ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ።

«አንተ ፈርመህ ውጣ!» አሉት ጸሐፊዋ። ወዲያው ዕንባዬ መቅረቡን አዩ መሰለኝ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ይቺ ከሥር ያለችው ቀስት ምን ልታሳይ ነው?»

«ስህተቱ ያለበትን ቦታ ነው እትዬ። ግን እዚያ ምንም የለም፤ የረድፍ መጨረሻ ምልክት ብቻ ነው።»

«ምንም የለም ትላለች እንዴ! ድርብ ሰረዝ አስገብተሽ?»

ለካ እሳቸው ማመልከቻ ጽፈው በተነሡ ቁጥር የቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ እንደሆነ ይቀር ነበር። ቁጥሩ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ስለሆነ አላስተዋልኩም፤ የተለወጠችው ያቺ ምልክት ብቻ ነበረች። በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ የረድፍ መለያ የሆነውን የእንግሊዝኛ ሰሚኮለን (;) እና የእኛን ድርብ ሰረዝ (፤) ከእሳቸው በቀር ማን ይለያል?

«ግን ቦታውን አልሳትሽም» አሉኝ አንዷን ቁልፍ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ። «ድርብ ሰረዝ የሚገባው አንዱ ሐሳብ አልቆ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነው። ያንቺስ?»

«አንዱ ረድፍ አልቆ ሠንጠረዡ ሳያልቅ።»

«እና? ምኑ ነው የከበደሽ?»

ክፍል ውስጥ ሳምንታት ሲነገረኝ ያልገባኝ በዚያች ጥያቄ ገባኝ። ምልክቷን ቀየርኩ፤ ሁለቱ ረድፎች ተሰልፈው ወጡ። የየረድፉን አማካይ ስጠይቀው እንጅባራ ዘጠኝ፣ ዳንግላ አሥራ ሦስት አለኝ።

«ሁልጊዜ የምለው ይህን አይደል?» አለ ባለጋሪው፤ ለካ አልወጣም ነበር። «እንጅባራ ሰው የሚኖርበት አገር አይደለም!»

ሰኞ የቀረበልን ባለ አራት ረድፍ ሠንጠረዥ ነበር። እያንዳንዱ ረድፍ ሲያልቅ «ሐሳቡ አልቋል፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም» እያልኩ በለሆሳስ ጻፍኩት። አለፍኩ።

ያቺ ጽሕፈት ቤት ዛሬ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆናለች። እትዬ ሥራ አቁመዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ከሰላምታ በፊት «ድርብ ሰረዝሽ እንዴት ናት?» ይሉኛል። የዚያ ክፍል ጠረን፣ የማተሚያው ጩኸት፣ ውጭ የሚያንኮራፉት ፈረሶች በአንድ ጊዜ ይመለሱብኛል።

አሁን አዲስ ተማሪዎቼን የማስጀምረው ከዚያው ስህተት ነው። እናንተም እስቲ ሞክሩት። የሰፈራችሁን የሦስት ቀን ሙቀት በአንድ ረድፍ፣ የዘመዳችሁን ሰፈር በሌላ ረድፍ ጻፉና መጀመሪያ በመካከላቸው የእኛን ድርብ ሰረዝ አስገቡ። ቀስቷ የት እንደምትቆም እዩ። ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ ምልክቷን ብቻ ቀይሩ።