ከይፋግ መልስ ኩላሊቴ ሲቆም

ዓርብ ጧት ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ወጣ። የመጸዳጃ ቤቱ መብራት አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ በሩን ከፍቼ በቀን ብርሃን አየሁት። ያው ነው። ትኩሳት የለኝም። ሲወጣም አላቃጠለኝም። ጭኔ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ወደ መኝታዬ የተመለስሁት ግድግዳውን ተደግፌ ነው።

ስሜ ሰይድ ይባላል። ባሕር ዳር ውስጥ ከአባቴ የወረስሁት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ይህን የምጽፈው ረጅም መንገድ በብስክሌት ሄዳችሁ፣ ወይም ያለ ልምዳችሁ ከባድ ሥራ ሠርታችሁ፣ በማግሥቱ እኔ ያየሁትን ለምታዩ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በእኔና በጋሻው ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ጋሻው ከሱቄ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግን ጎረቤቴ ነበር። ከጣና ምዕራብ ዳር ያለችው የቁንዝላ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱ ግን ከዜማው ይልቅ ጎማና ሰንሰለት አማረውና ከተማ ገባ። ዐሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። በረመዳን እኔ ስጾም እሱ በፊቴ ውሃ አይጠጣም፤ ምሳውንም ከጓዳ ገብቶ ነበር የሚበላው። እኔም በእነሱ ጾም እንዲሁ አደርግ ነበር። ተነጋግረንበት አናውቅም።

የብስክሌት ማኅበራችን ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ይፋግ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ ሲያዘጋጅ ሠላሳ ያህል ሰው ተመዘገበ። ቅዳሜ የገበያ መኪና ስለሚበዛ ሐሙስ ተመረጠ። ሁዳዴ ነበር፤ ረመዳን ገና አልገባም። ጋሻው ጾም ከያዘ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። አዘጋጆቹ የሚጾም ሰው ከኋላ በሚከተለው መኪና ቢሄድ ይሻላል ብለው ነበር። እሱ ግን ጾምና ብስክሌት ተጣልተውብኝ አያውቁም ብሎ ሳቀ። እኔም አልተከራከርሁትም። ሁለታችንም በሳምንት አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ሰባታሚት ደርሰን የምንመለስ ሰዎች ነበርን፤ ያን ያህል መንገድ ሄደን አናውቅም።

ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። እስከ ሐሙሲት ድረስ እየተጫወትን ሄድን። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ በረታ። የፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ነፋስ የሚባል የለም፤ የአስፋልቱ ሙቀት ፊት ይለበልባል። ኮዳዬ ሙሉ ነበር። ጋሻው ከጎኔ እየነዳ ውሃ ማውጣት ከበደኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቼ ተጎነጨሁ፤ ኋላ እሱንም ተውሁት። ይፋግ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ጥቂት ጥላ ውስጥ ተቀመጥንና ተመለስን።

ወረታ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጋሻው ሽሮ አዘዘ፤ ሆዱ አልቀበል ብሎት ተወው። ውሃውንም ግማሽ ጠርሙስ አልጠጣም። የሁለታችንም ጭን ይንቀጠቀጥ ነበር። ብስክሌታችንን መኪናው ላይ ጭነን መመለስ እንችል ነበር። አፈርን። እኔ ፋርማሲ ሄጄ የሕመም ማስታገሻ ገዛሁ፤ ዲክሎፌናክ ይባላል። ሁለት ሁለት ዋጥን። ለእሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሕመሙ ቀለለን። ጡንቻችን ግን መጎዳቱን አላቆመም፤ እኛ ነን መስማት ያቆምነው። ባሕር ዳር ስንገባ ሰው ቆሞ አጨበጨበልን።

እንግዲህ ዓርብ ጧት ያን ሽንት እንዳየሁ ለጋሻው ደወልሁ። የእሱም እንደዚያው ነው። ድምፁ ፈርቷል። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ግራ ሲገባው እኔን የሚጠይቅ ልጅ ነበር።

"ውሃ አንሶን ነው፤ ጠጥተህ ተኛ። ካመመህ ያችን ኪኒን ድገማት" አልሁት።

እሺ አለኝ። ከሰዓት በኋላ አባቱ ዘንድ ሊያርፍ ወደ ቁንዝላ ተሳፈረ።

ቅዳሜ ጭኔ አበጠ። ሱሪዬ አልወጣ ብሎ ባለቤቴ ዘሃራ በመቀስ ቀደደችው። ሽንቴ ቀነሰ። ከዚያ ጨርሶ ቆመ። የጠጣሁትን ውሃ ሁሉ አስመለሰኝ። ዘሃራ ሆስፒታል እንሂድ ትላለች፤ እኔ የጡንቻ ድካም ነው፣ ይሻለኛል እላለሁ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ አዋልኋት። እሑድ ጧት ልነሳ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ጎረቤት ጠርታ፣ በባጃጅ አስጭና ወሰደችኝ።

ደም ወሰዱ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቤን ምት በኢሲጂ አነሱ። የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ራብዶማዮላይሲስ ይባላል" አለችኝ። "ጡንቻህ ፈራርሶ ደምህ ውስጥ ገብቷል። ኩላሊትህ እሱን ሲያጣራ ተዘግቷል። ፖታሲየም የሚባለው በደምህ ያለ ጨው በጣም ከፍ ብሏል፤ ፖታሲየም ልብ ያቆማል። ዛሬውኑ ዲያሊሲስ ትገባለህ።"

ምን ወስደህ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ኪኒኑ ነገርኋት። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ እንዲህ ያለ ማስታገሻ ኩላሊትን እንደሚጎዳ አስረዳችኝ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተለች።

"አብሮህ ከሄደው ሰው እንዲህ የሆነ ሌላ አለ?"

ያኔ ነው የገባኝ።

"አለ" አልሁ። "ቁንዝላ ነው ያለው።"

"አሁኑኑ ይደወልለት። ተሽሎኛል ቢል እንኳ ይምጣ።"

ዘሃራ ኮሪደር ላይ ቆማ ትደውል ጀመር። የጋሻው ስልክ ዝግ ነው። አንገቴን አደንዝዘው ካቴተር የሚሉትን ቱቦ ሲያስገቡልኝ የእሷ ድምፅ ከውጭ ይሰማኛል። ደሜ በቱቦው ወጥቶ በማሽኑ ተጣርቶ ይመለሳል። በረደኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ወደ ማምሻው የመሪጌታን ጎረቤት አገኘቻቸው። ጋሻው እያስመለሰው እንደተኛ፣ መንገዱ ለታመመ ሰው የማይሆን በመሆኑ ጎህ ሲቀድ በጀልባ እንደሚያመጡት ነገሯት። ሰማሁ። እንግዲህ ነገ ይደርሳል ብዬ ዐይኔን ከደንሁ።

ሰኞ ጋሻው መጣ ወይ አልሁ። ዘሃራ ኔትወርክ የለም አለችኝ። ማክሰኞም ኔትወርክ የለም አለች። ረቡዕ ስጠይቃት ትራሴን አስተካከለች። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ላለማወቅ የፈለግሁ ይመስለኛል።

ማሽኑ ላይ በየሁለት ቀኑ ነበር የምወጣው። ሽንት የለም። ስለዚህ ውሃም የለም፤ በቀን የተፈቀደልኝ በትንሽ ብርጭቆ ነበር። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ዘሃራ ጨርቅ አርጥባ አፌን ታብስልኛለች። አንድ ቀን ጨርቁን ነክሼ መጠጥሁት። ፊቷን አዞረች። ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ውጤት በመጣ ቁጥር የሐኪሟን ፊት ነበር የማነበው። ኩላሊትህ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለችኝ። አላባበለችኝም። ለዚህ አመሰግናታለሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጧት ትንሽ ሽንት መጣ፤ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ነገር ናት፣ ዘሃራ ግን ዕቃውን ይዛ እንደ ማር ለነርሷ ልታሳይ ሮጠች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ተቃራኒው ሆነና ሽንቱ ማቆሚያ አጣ፤ አሁን ደግሞ የሚወጣውን ያህል በግሉኮስ መስመር ይተኩልኝ ጀመር፣ የክሬአቲኒኑም ቁጥር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ደህናው እየወረደ መጣ። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ቱቦውን ከአንገቴ ነቅለው በዱላ እየተደገፍሁ ወደ ቤቴ አሰናበቱኝ።

በማግሥቱ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ የመስጊዳችን፣ አንዱ የጋሻው ዕድር ዳኛ። በዚያ ሰዓት ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሌላ ምን ይሆናል? ሳይቀመጡ አወቅሁ።

ጋሻው ያረፈው ሰኞ ጧት ነው። ጀልባው ላይ። ዘጌ ሳይደርሱ። ራሱ አባቱ ጭን ላይ ነበር። ውሃ ጠየቀ፤ ጠጣ፤ ከዚያ ልቡ ቆመ። ጀልባዋ አዙራ ወደ ቁንዝላ ተመለሰች። እኔ ያን ሰዓት አልጋ ላይ ሆኜ ይመጣል እያልሁ በሩን አያለሁ።

ዘሃራን ለምን ደበቅሽኝ አልኋት። "ሽማግሌዎቹ ልብህ አይችልም ብለውኝ ነው" አለች። "ሁለታችሁንም ላጣ አልቻልሁም።"

ሱቄን ለመክፈት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጉልበቱ ብቻ አልነበረም ያስቸገረኝ፤ አጠገቤ ያለው በር ተዘግቶ ማየት ነው። ጧት ጧት ዘሃራ ክንዴን ይዛ በጣና ዳር መንገድ ታራምደኛለች፤ መጀመሪያ እስከ አንድ ዛፍ፣ ከሳምንት በኋላ እስከሚቀጥለው፣ እያለ እያለ ዱላውን ጣልሁ። ረመዳን ሲገባ ሐኪሟ እንዳልጾም ከለከለችኝ፤ ኢማማችንም የታመመ ሰው ራሱን እንዲጎዳ አልታዘዘም፣ ጾሙ ስትድን ይደርሳል አሉኝ፤ ያን ጊዜ ነው ይህን ቃል ለጋሻው የነገረው ሰው አለመኖሩ ያንገበገበኝ።

ጉዞ መቻሌ ሲረጋገጥ ከዘሃራ ጋር በጀልባ ቁንዝላ ሄድሁ። መሪጌታ ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር፤ ዐይናቸው ደክሟል። ማንነቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለቅሶዬን ከጨረስሁ በኋላ ያልተነገራቸውን ነገርኋቸው። ኪኒኑን የሰጠሁት እኔ እንደሆንሁ። ዓርብ ጧት ደውዬለት ጠጥተህ ተኛ እንዳልሁት።

ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች።

"እኔም ሽንቱን አይቻለሁ" አሉ መሪጌታ። "ድካም ነው ብዬ አንጥፌ አስተኛሁት። ቅዳሜን እንዲያ አለፈ፤ እሑድንም። አንተ አላወቅህም፣ እኔም አላወቅሁም።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።"

"ባለማወቅ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። አሁን ግን አውቀሃል፤ አውቆ ዝም ያለ ነው የሚጠየቀው።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። አላስገደድኋቸውም። ይህን መጻፍ የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ስሙኝ። ከከባድ ድካም በኋላ ሽንት ሲጠቁር፣ ጡንቻ ሲያብጥና ሲደርቅ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለጓደኛችሁ በስልክ መድኃኒት አትዘዙ፤ እኔ አዝዣለሁ። ሰውነታችሁ ደርቆ የሕመም ማስታገሻ አትዋጡ። የምትጾሙ ከሆነ ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አማክሩ፣ ካልሆነም ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከጾመኛ ጋር የምትነዱ ደግሞ በይሉኝታ ውሃችሁን አትተዉ፤ እሱን መኪናው ላይ እንዲወጣ ለምኑት፣ ቢቆጣችሁም ለምኑት። መታመማችሁን ካወቃችሁ ደግሞ አብረዋችሁ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠይቁ። ማኅበራችን አሁን ከጉዞ ማግሥት ለሁሉም ሰው ይደውላል፤ ሽንትህ ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ መጀመሪያ ያሳፍር ነበር፣ አሁን ለምደነዋል።

ኩላሊቴ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ በየሦስት ወሩ እመረመራለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ። አላህ ሕይወቴን አተረፈልኝ፤ ምስጋናው የእሱ ነው። እውነቱን ለነገረችኝ ሐኪም፣ ማሽኑ አጠገብ ብርድ ልብስ ላለበሱኝ ነርሶች፣ ሳትጠይቀኝ ወደ ሆስፒታል ለወሰደችኝ ለዘሃራ ምስጋናዬን የምመልስበት ቃል የለኝም።

ጽሑፉን ለኅትመት ከመስጠቴ በፊት ቁንዝላ ሄጄ ለመሪጌታ አነበብሁላቸው። የልጃቸውን ስም ልለውጠው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አትለውጠው" አሉኝ። "የሚያነበው ሁሉ ይጥራው።"